የመምህር ሌላስ አንዷ አንባቢ

ልጆቹ «ሌላስ» ብለው የሰየሙት በክፋት አልነበረም። መቼም ሰው አፉ በለመደው ቃል መጠራቱ አይቀርም፤ የእሱም አፍ የለመደው ያንን ነበር። የዘጠነኛ ክፍል የኅብረተሰብ ትምህርት መምህር ነው። ከጥቁር ሰሌዳው ጥግ ላይ፣ ሰሌዳ የሚያጠፋው ተረኛ እንዳይነካቸው በጠመኔ አጥር አጥሮ፣ ሦስት ጥያቄዎች ጽፏል፦ ማን አለ? በምን አወቀ? ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ልጆቹ ቶሎ ለመዱ። ሦስተኛዋ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም እንደ ደከመው በሬ ቀጥ ይላል፤ መምህሩም በወንበሮቹ መካከል እየተዘዋወረ «እሺ፣ ሌላስ? ሌላስ?» ሲል ይውላል። በዚሁ መምህር ሌላስ ሆኖ ቀረ። ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈው፤ በሆዱ ግን ሳይወደው አልቀረም።

ጥያቄዎቹ የተወለዱት ከአንድ ጉድ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ክፍል ሲገባ ከግማሽ በላዩ ወንበር ባዶ ሆኖ ጠበቀው። ለካስ «ፈተናው ተራዝሟል» የሚል ወሬ በስልክ ሲዞር አድሮ፣ ልጆቹ እሰየው ብለው ተኝተዋል። ወሬውን ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ይሄኛው «እሷ ልካልኝ ነው» ይላል፤ እሷም «ለእኔም ተልኮልኝ ነው» ትላለች። መምህሩ ሊቆጣ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። «ወሬ ቢነግሩህ ሀሳብ ጨምርበት» ይላሉ የጥንት ሰዎች። ለእነዚህ ልጆች በቀን መቶ ወሬ ይነገራቸዋል፤ ሀሳብ እንዴት እንደሚጨመር ያሳያቸው ግን ማን አለ?

በማግስቱ ወደ ኮምፒዩተር ክፍሉ ሄደ። ክፍሉን የምትጠብቀው ሴት፣ ወገቧ ላይ በሚንኳኳው የቁልፍ ዘለላ የተነሳ ባለቁልፏ የምትባል፣ ከሰው ይልቅ ከማሽን ጋር የሚሆንላት ናት።

«ጋሼ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ዜና ከየቦታው ለቃቅሞ አንድ ላይ የሚያመጣ ነገር አለ ሲሉ ሰማሁ።»

«አለ እንጂ፣ የዜና መሰብሰቢያ ነው። አንድ ጊዜ የገጾቹን አድራሻ ከሰጡት፣ አዲስ ነገር በወጣ ቁጥር እሱ ራሱ ሄዶ፣ ከፍቶ፣ ያመጣልዎታል። መጥራት አያስፈልገውም።»

«ሳይጠሩት ይመጣል?»

«ከዘመድ ይሻላል» አለች ባለቁልፏ፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

ጥጉ ላይ ባለው አሮጌ ማሽን ላይ ጫነችለት። ይህ ማሽን አንዴ ከጠፋ ለመነሳት የሚያስለምን ዓይነት ስለሆነ ቀንም ሌትም አይዘጋም። የክፍሉን ብሎግ ደግሞ መምህሩ ራሱ ከፈተ። ሕጉ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ልጅ በሳምንት አንድ ዜና ይመርጣል፣ ያው ዜና በሌላ ቦታ እንዴት እንደተነገረ ይፈልጋል፣ ከዚያ የራሱን ሀሳብ ይጽፋል፤ ጓደኞቹ ከሥሩ አስተያየት ይሰጣሉ። ጽሑፉ መጀመሪያ በረቂቅ ለመምህሩ ይደርሰዋል፤ እሱ «ይውጣ» የምትለዋን ካልነካ ማንም አያየውም።

መጀመሪያ ላይ የሚጻፈው እንባ የሚያመጣ ነበር። «ዜናውን ወድጄዋለሁ፤ ጥሩ ዜና ነው» ብሎ የሚፈርም አለ። ከሥሩ «እኔም ወድጄዋለሁ» የሚል ይከተላል። እየቆየ ግን እሳት ያዘ። ሁልጊዜ የሚያረፍደው ልጅ አንድ ቀን ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ተጋምሶ መጣና፣ በር ላይ ቆሞ ስልኩን እንደ መታወቂያ ዘረጋ።

«ቲቸር፣ ከመቅጣትዎ በፊት ይቺን ያንብቡልኝ። ‹አርፍደው የሚነሱ ሰዎች ብልሆች ናቸው› ይላል። ጥናት ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከፊት የምትቀመጠው ልጅ ብቻ አልሳቀችም። ጠበቃ ይሏታል፤ ክርክር ካገኘች ምሳ አያምራትም።

«በምን አወቁ?» አለች። «ብልህ ስለሆኑ ነው የሚያረፍዱት፣ ወይስ ስላረፈዱ ነው ብልህ የሆኑት?»

«እኔ ምን አገባኝ፣ ሁለቱም ይስማማኛል።»

«አንተማ ዓመቱን ሙሉ አርፍደህ አይተንሃል። እስካሁን ለውጥ የለም።»

መምህሩ ሳቁን በጉሮሮው ይዞ ወደ ሰሌዳው ዞረና፣ ሁለት ነገር አብሮ ስለመጣ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት እንዳልሆነ በትልልቅ ፊደል ጻፈላቸው። አርፋጁ ለቅጣቱ ያንኑ ዜና እንዲመረምር ታዘዘ። ጽሑፉ በዚያ ዓመት ከወጡት ሁሉ ብዙ አስተያየት ያገኘ ሆነ፤ ግማሹ ስድብ ቢሆንም፣ ስድቡ ማስረጃ ያለው ስድብ ነበር። መምህሩ ያን ቀን የመምህራን ክፍል ሲገባ ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር።

እዚህ ድረስ ያየው ሰው፣ መምህር ሌላስ ጨዋታ ሞልቶ የተረፈው ሰው ይመስለዋል። ችግሩ ትምህርት ቤት ማለቁ ነው። ደወሉ ተደውሎ ግቢው ጭር ሲል ሌሎቹ መምህራን ተጠራርተው ይወጣሉ፤ እሱ ያልታረመ ወረቀት ፈልጎ ይቀመጣል። ሁሉም ታርሞ ያለቀ ቀን የታረመውን መልሶ ያያል። ቤቱ ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ማድ ቤት ናት፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ግን ሰፍታበታለች። ወደ አንደኛው ክፍል የሚዘልቀው መጥረጊያ ይዞ ብቻ ነው። እጁ ለሁለት ሰው ማብሰል ስለለመደ አንድ ቀን ያበስላል፣ አንድ ቀን ያሞቃል። ቴሌቪዥኑን ይከፍታል፤ የሚያወራው ሰው መዓት ነው፣ እሱን የሚያዋራው ግን የለም።

አንዲት ልጅ አለችው። ሌላ ከተማ፣ ትልቅ ሆቴል ውስጥ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ ለማያውቃት ሁሉ «እንኳን ደህና መጡ» ስትል ትውላለች። አባትና ልጅ ተጣልተው አይደለም፤ ቢጣሉማ አስታራቂ ይገኝ ነበር። ድሮ እሷ ስትደውል ስልኩን የሚያነሳው እሱ ቢሆንም፣ «ደህና ነሽ? ቆይ፣ እናትሽን ላገናኝሽ» ብሎ ያቀብል ነበር። ከዚያ እናትና ልጅ ሲሳሳቁ እሱ ጋዜጣውን ዘርግቶ ከወዲህ ያለውን ግማሹን ወሬ ይሰማል፤ ያም ይበቃው ነበር። አሁን ስልኩን የሚያቀብላት ሰው የለም።

«ደህና ነህ አባዬ?»

«ደህና። አንቺስ?»

«ደህና። ጤናህስ?»

«ደህና ነው። ሥራስ?»

«ደህና ነው።»

እዚህ ላይ ደህናው ያልቃል። ሁለቱም ትንሽ ይተነፍሳሉ። ከዚያ እሷ «በል እሺ» ትላለች፣ እሱም «በይ እሺ» ይላል፤ ስልኩ ይዘጋል፤ ቤቱ ከመደወሏ በፊት ከነበረው የበለጠ ዝም ይላል።

አንድ እሑድ ከዚህ ትንፋሽ ለመሸሽ ሲል ስለ ብሎጉ ነገራት። አርፋጁን ነገራት፣ ጠበቃን ነገራት። ልጅቱ ትንሽ ሳቀች። «ሊንኩን ልላክልሽ?» ሲላት «ላክልኝ አባዬ፣ አየዋለሁ» አለችው። ላከላት። በዚያው ሳምንት ደግሞ፣ የልጆቹ ጽሑፍ ከትልልቆቹ ዜና በምን ያንሳል ብሎ፣ የብሎጉን አድራሻ በአሮጌው ማሽን ውስጥ ከዜና ገጾቹ ተርታ እንድታስገባለት ባለቁልፏን ለመናት። አስገባችለት፤ እሱም ይህን ነገር እዚያው ረሳው።

በብሎጉ የፊት ገጽ ላይ፣ በየርዕሱ ጎን፣ ጽሑፉ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ የምትናገር ቆጣሪ አለች። እስከዚያን ጊዜ ቆጣሪዋ የምትንቀሳቀሰው ልጆቹ ኮምፒዩተር ክፍል ሲገቡ ብቻ ነበር። ከዚያች ሳምንት ወዲህ ግን ጽሑፍ በወጣ ብዙም ሳይቆይ አንድ አንባቢ ይመጣል። ቅዳሜ ቢወጣ ቅዳሜ፣ ትምህርት ተዘግቶ ቢወጣ ተዘግቶ። አንድ ብቻ። አስተያየት አይጽፍም፣ ሰላምታ አይልም፤ መጥቶ፣ ከፍቶ፣ ይሄዳል።

መምህሩ ይህን ባየ ጊዜ የያዘውን ሻይ አስቀመጠ። እሷ ናት። ልጅ ሆና እንዲሁ ነበረች፤ እሱ ሲጽፍ ከበስተኋላው መጥታ በትከሻው ላይ ታይና፣ ምንም ሳትል ትሄዳለች። ጠባይ አይለወጥም፣ አለ በሆዱ፣ እንደዚያ የሞቀ ሆድ ከያዘ ብዙ ጊዜው ነው።

ደውሎ ለምን አልጠየቃትም ቢባል፣ ፈራ። ድመት እግር ሥር ሲተኛ የማይነቃነቅ ሰው አለ አይደል? እንደዚያ ነው። ጠይቆ ሊያስደነግጣት አልፈለገም።

በዚህ ጊዜ ነው የመምህሩ ማስታወሻ መልኩን የለወጠው። ልጆቹ ከሚጽፉት ጎን እሱም በሳምንት አንዲት ማስታወሻ ያወጣ ነበር፤ ርዕስ ከዜናው እንዴት እንደሚለይ፣ ፎቶ እንዴት እንደሚያታልል፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። አሁን ግን ስለ አየር ትንበያ ብሎ ይጀምርና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሚስቱ ልብስ ስታሰጣ ብቅ ትላለች። ስለ መንገድ ሥራ ዜና ብሎ ይጀምርና ልጁን የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት ሲወስድ ያለቅሳል፤ እሷ ሳትሆን እሱ ነበር ያለቀሰው፣ እስከዛሬ ለማንም አልተናገረም። ልጆቹ ግራ ገባቸው። አርፋጁ ከሥሩ «ቲቸር፣ መንገዱ በመጨረሻ ተሠራ ወይስ አልተሠራም?» ብሎ ጻፈ። መምህሩ ግድ አልሰጠውም። ርዕሱ ጎን ያለችው አንድ ቁጥር መልሱን ሰጥታዋለች። በስልክ ያልወጣው ሁሉ በጣቱ ይወጣ ጀመር፤ እሑድ እሑድ ደህና ደህና ሲባባሉም ሆዱ እንደ ድሮው አይባባም፤ ወሬው ሌላ ቦታ ደርሷላ።

ደስታ ደግሞ አያስቀምጥም። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ፣ የልጆቹ ጽሑፍ ሲዝረከረክበት፣ «ኧረ ተጠንቅቃችሁ ጻፉ፤ ከውጭ የሚያነበን ሰው አለ» አላቸው።

«ማን?» አለ ክፍሉ በአንድ አፍ።

«ልጄ ናት። ሌላ ከተማ ናት። አንድም ሳይቀራት ታነባለች።»

ልጆቹ ተያዩ። ሰው ሲያነባቸው የመጀመሪያቸው ነው። አንዷ ፀጉሯን አስተካከለች፣ እንደምትታይ ሁሉ። ጠበቃ እጇን አወጣች።

«በምን አወቁ ቲቸር?»

«እንዴት በምን አወቁ? ሊንኩን ላክሁላት፣ በሳምንቱ አንባቢ መጣ።»

«ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?»

ጥያቄዋ ክፋት አልነበረባትም፤ ያስተማራትን ነው የመለሰችለት። እሱ ግን ጆሮው ድረስ ቀላ። «አውቃለሁ ስልሽ አውቃለሁ፤ ተቀመጪ» አለ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ተሰምቶ በማያውቅ ድምፅ። ጠበቃ ተቀመጠች። ከኋላ አርፋጁ በሹክሹክታ «የራሷ ሲያርባት የሰው ታማስላለች» ሲል ተሰማ፤ ማንም አልሳቀም።

ማክሰኞ በሰፈሩ ሁሉ መብራት ጠፋ። ትምህርት ቤቱም ጨለመ፤ አሮጌው ማሽን ሳይቀር ትንፋሹ ቆመ። መምህሩ በምሳ ሰዓት የመምህራን ክፍል ተቀምጦ በስልኩ አንዲት ማስታወሻ ጻፈና በስልኩ ዳታ አወጣት። ቆጣሪዋን አየ፤ ዜሮ። አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሮ ተመልሶ አየ፤ ዜሮ። ዛሬ እንግዳ በዝቶባት ይሆናል አለ። ልጆቹ ሲወጡ መብራት መጣ። ባለቁልፏ ማሽኑን ለምና አስነሳችው። መምህሩ ቤቱ ደርሶ ሲያይ ቁጥሯ አንድ ሆናለች፤ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀምጦ ፈገግ አለ።

ሰሌዳው ጥግ ያሉትን ጥያቄዎች የምታስታውስ አንዲት ልጅ ግን ያን ከሰዓት የአርፋጁን ስልክ እየለመነች ያችኑ ዜሮ ስታይ ነበር የዋለችው። በዚያው ምሽት፣ ራቱን አሙቆ ሳይጨርስ፣ ከጠበቃ አንድ ረቂቅ ደረሰው። ርዕሱ «አንባቢያችን ማን ነው?» ይላል።

«ከክፍላችን ውጭ አንድ አንባቢ አለን ይባላል። ማን አለ? የምናከብረው ሰው። በምን አወቀ? ሊንኩን ለአንድ ሰው ከላከ በኋላ አንባቢ ስለመጣ። ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል? ማክሰኞ መብራት በጠፋበት ሰዓት አንድ ጽሑፍ ወጣ። መብራቱ እስኪመለስ ድረስ ቆጣሪው ዜሮ ላይ ቆየ። መብራት ከመጣ በኋላ አንድ ሆነ። አንባቢው ሌላ ከተማ ከሆነ የእኛ መብራት ምን አገባው? በኮምፒዩተር ክፍሉ አሮጌ ማሽን ውስጥ፣ ከዜና ገጾቹ መካከል የእኛን ብሎግ ስም አይቻለሁ። ማሽኑ አዲስ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር ራሱ ሄዶ ይከፍታል። እኔ የሚመስለኝ አንባቢያችን እሱ ነው። ተሳስቼ ከሆነ ደስ ይለኛል።»

መምህሩ አንብቦ ሲጨርስ ራቱ ቀዝቅዟል። የመጀመሪያው የመጣበት ንዴት ነበር። «አጥፋ» የምትለዋ «ይውጣ» ከምትለዋ አጠገብ ናት፤ አንዲት ጣት ብቻ የምትፈልግ። ቢያጠፋው ማንም አያውቅም ነበር። ልጅቱ ይህን ነገር ክፍል ውስጥ ተነስታ ልትናገረው ስትችል፣ እሱ ብቻ በሚያየው በኩል ነው የላከችው። ጣቱን አነሳና ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

በማግስቱ ረቡዕ፣ የጠዋቱን የሰልፍ ደወል እንኳ ሳይጠብቅ ኮምፒዩተር ክፍል ገባ።

«እህቴ፣ የእኛ ብሎግ እዚህ ውስጥ አለ እንዴ?»

«ይኸውና። እርስዎ ራስዎ ነዎት አስገቢልኝ ያሉኝ። ረሱት?»

«እስቲ ለጊዜው አውጪው።»

አወጣችው። እዚያው ቆሞ በስልኩ አንዲት መስመር ጻፈ፤ «ሙከራ ነው» የምትል። አወጣት። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው የፊት ገጹን እያዩ ጠበቁ። ባለቁልፏ ምን እንደሚጠብቁ ባታውቅም ዝም ብላ ጠበቀች፤ ከማሽን ጋር የኖረ ሰው መጠበቅ ያውቃል። ቁጥሯ ዜሮ ላይ ተቀምጣ ቀረች።

«ጋሼ፣ ልመልሰው?»

«መልሺው።»

መለሰችው። ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመ። ዜሮዋ አንድ ሆነች።

«ሠራ» አለች ባለቁልፏ ደስ ብሏት። መምህሩ አመሰገናትና ወጣ፤ ግን ወደ ክፍል አልሄደም። ከሕንፃው ጀርባ፣ የተሰበሩ ወንበሮች ከተከመሩበት፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ምናልባት ዛሬ ስላልተመቻት ይሆናል። ምናልባት ከማሽኑ ኋላ እየመጣች ይሆናል። እንዲህ እያለ ሰው ዕድሜውን ሊገፋ ይችላል። መልሱን የምታውቀው ግን አንዲት ሰው ብቻ ናት። ስልኩን አወጣ።

«አባዬ? ምነው፣ ደህና አይደለህም?» ድምፅዋ ተጣድፏል። እነሱ የሚደዋወሉት እሑድ ነዋ።

«ደህና ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው።»

«ጠይቀኝ።»

«ያ ሊንክ፣ የልጆቹ ብሎግ። ከፍተሽው ታውቂያለሽ?»

ከወዲያ የሆቴሉ በር ተከፍቶ ሲዘጋ ተሰማ። የሻንጣ ጎማ እየተንኳኳ አለፈ።

«አልዋሽህም አባዬ፣ አልከፈትኩትም። የላክልኝ ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ከዚያ ሌላ መልእክት መጣበትና ወደ ታች ወርዶ ጠፋብኝ። አንተም ‹አየሽው ወይ› ስላላልከኝ…»

«እሱስ አልጠየቅኩሽም።»

«ተቀየምከኝ?»

«የለም። ማንበብ የምትወጂ መስሎኝ ነው። ልጅ ሆነሽ ስጽፍ ከኋላዬ መጥተሽ ታነቢ ነበር።»

«እኔ?» ሳቀች። «የኮትህን ኪስ እኮ ነበር የማየው። ከረሜላ ትይዝ አልነበር? ማንበብ የምትወደው እማዬ ነበረች። እኔ ትምህርት የጨረስኩ ቀን መጽሐፎቼን ለጎረቤት ልጅ አድዬ ነው የተገላገልኩት።»

መምህሩም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

«ምን ነበር የጻፍከው?» አለችው።

«ስለ ዜና ነው።»

«ስለ ዜና ብቻ ቢሆን ረቡዕ ቀን አትደውልልኝም። እስቲ አንዷን አንብብልኝ፤ እንግዳ እስኪመጣ።»

በጣም የሚወዳትን መረጠ። «ያልተባለ ነገር» ትባላለች። ጉሮሮውን ጠራረገና፣ ለተሰበሩት ወንበሮች ንግግር እንደሚያደርግ ሰው ቀጥ ብሎ አነበበ፦ «ዜና ስናነብ የተባለውን ብቻ ሳይሆን ያልተባለውንም እንይ። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ወሬ አትወድም ነበር። አንድም ቀን እንዲህ ብላኝ አታውቅም፤ ከዝምታዋ ነው ያወቅሁት። ስለዚህ እንዳልረብሻት ጫማዬን በእጄ ይዤ እስከ በሩ እሄድ ነበር። ዝም መባባልም መነጋገር ነው።»

አንብቦ ሲጨርስ ስልኩን ወደ ጆሮው መለሰ።

«አለሽ?»

«አለሁ። አባዬ፣ እማዬ ጠዋት ወሬ አትወድም ያለህ ማነው?»

«ማንም አላለኝም። ዝም ትል ነበራ።»

«አንተ ስለማትወድ ነዋ። ‹አባትሽ ጠዋት ሲያዋሩት ደስ አይለውም፣ እስኪወጣ ዝም በይ› ትለኝ ነበር። አንተ በሩን ዘግተህ ስትወጣ እኮ ቤቱ ገበያ ነበር የሚሆነው። ከሬዲዮኑ ጋር ሳይቀር ትጣላለች። የአየር ትንበያ የሚያነበውን ሰውዬ ‹ትናንት ፀሐይ ነው ብለህ ልብሴን አስበሰበስከው፣ ዛሬ ደግሞ ምን ይዘህ መጣህ› ትለዋለች። እኔ ከሳቄ ብዛት ትምህርት ቤት አረፍድ ነበር።»

መምህሩ ግድግዳውን በመዳፉ ያዘ። እሱ እኮ ጠዋት ወሬ ይወዳል። ዕድሜውን ሙሉ ይወዳል። በየጠዋቱ አፉ ላይ የመጣውን እየዋጠ፣ በጫፍ ጫፉ እየረገጠ፣ ለእሷ ብሎ ወጥቷል። እሷም ለእሱ ብላ ዝም ብላ፣ በሩ እስኪዘጋ ጠብቃለች።

«አባዬ፣ አለህ?»

«አለሁ።»

«እንግዳ መጣብኝ፣ ልዝጋው። አነበዋለሁ ብዬ ቃል አልገባልህም፤ ውሸት ይሆናል። አንተ አንብብልኝ። እሑድ ደውል።»

በማግስቱ ጠዋት ከእንቅልፉ ተነስቶ፣ ለብሶ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ በሩ አጠገብ ከደረሰ በኋላ ነው የነቃው። ቆም ብሎ ጫማዎቹን አያቸው። ከዚያ ሁለቱንም ወለሉ ላይ ለቀቃቸው። ድምፁ ሁለቱንም ክፍሎች ዞሮ፣ ማድ ቤቷን ዞሮ፣ መልሶ እሱ ጋ መጣ። ተቀምጦ አጠለቃቸውና ወጣ።

የጠበቃን ረቂቅ አንዲት ቃል ሳይነካ አወጣው። ልጆቹ ኮምፒዩተር ክፍል ገብተው አነበቡት። ሁልጊዜ የሚሻሙበት የአስተያየት ቦታ ለረጅም ጊዜ ባዶ ሆነ፤ ሁሉም የመምህሩን ፊት ያያል። መጨረሻ ላይ አርፋጁ ጻፈ፦ «ለማሽኑ ምስጋና ይድረሰው። ከእኛ ክፍል የማያረፍድ እሱ ብቻ ነው።» ያን ጊዜ ሳቁ።

ጠበቃ ልጆቹ እስኪወጡ ቆየች።

«ቲቸር፣ ይቅርታ።»

«ለምኑ? ትክክል ነሽ።» ጠረጴዛው ላይ ያልነበረ አቧራ ጠረገ። «እንዲያውም እኔ ነኝ በጮህኩብሽ ይቅርታ የምልሽ። ጽሑፍሽ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል።»

«ምን?»

«ልጄን ራሷን መጠየቅ። ግን እሱ የአንቺ ድርሻ አልነበረም፤ የእኔ ነበር።»

«ጠየቋት?»

«ጠየቅኋት። ማንበብ አትወድም።»

ጠበቃ ሌላ ነገር ልትጠይቅ አፏን ከፍታ ነበር፤ ፊቱን አየችና ተወችው። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ «ደህና ይዋሉ ቲቸር» አለች፣ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው። መጠየቅን ከማስተማር ይልቅ፣ መቼ እንደማይጠየቅ ማስተማር ይከብዳል፤ ይህን ደግሞ እሱ አላስተማራትም።

ከዚያ ወዲህ የመምህሩ ማስታወሻ ወደ ዜናው ተመለሰ። አጠረ፣ ደረቀ፣ መንገዱም ተሠራ ወይም አልተሠራም ብሎ ይጨርስ ጀመር፤ ልጆቹ እፎይ አሉ። የቀረውን ለእሑድ ያቆየዋል። እሑድ ከሰዓት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ይደውላል። አንዳንድ እሑድ ታነሳለች። ያን ጊዜ ከጻፈው ትንሽ ያነብላትና፣ እናቷ ለሬዲዮኑ ሌላስ ምን ትለው እንደነበር ይጠይቃታል። እሷም አንድ አንድ እያለች ትሰጠዋለች፤ ሁሉን በአንዴ አትጨርስበትም። አንዳንድ እሑድ ደግሞ እንግዳ ይበዛባታል፤ ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይቆማል። መልሶ አይደውልም። ስልኩን መስኮቱ ደፍ ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ፀሐይዋም ለመጥለቅ ገና ብዙ ይቀራታል።